የእትዬ እቴናት መላሽ

ሚያዝያ 22፣ ሐሙስ

ቢሮ። ሙቀት። ቬንትሌተሩ ዛሬም ይጮኻል እንጂ አያነፍስም። የስንዴ መርከብ ወደቡ ገብታ ነበርና እስከ ስምንት ሰዓት ፋቱራ፣ የዕቃ ሒሳቡን፣ ስተይብ ዋልኩ። ወረቀቱ ከላቤ ጋር እየተጣበቀ… አለቃችን ዓምሩ ሁለት ጊዜ መጥቶ "ሃኒያ፣ አላለቀም?" አለኝ። አላለቀም። ሲያልቅ ደብቄው የምሄድ ይመስል።

ቤት ስደርስ እትዬ እቴናት በረንዳዬ ላይ ተቀምጣ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ታራግባለች። ሳልቀመጥ፣ ሰላም ሳልላት፣ "ተመዘገብኩ!" አለች።

"ምን ላይ?"

"ተረት ነጋሪ ሆኜ ነዋ!"

ለካ አሰብ ከተማ የተረት ሰሞን ሊያደርግ ነው። ሁለት አርብ፣ ከመግሪብ ሶላት በኋላ፣ የጨው ሠራተኞቹ ክበብ ግቢ ውስጥ። በአፋርኛ፣ በትግርኛ፣ በዓረብኛ፣ በአማርኛ። እና ደንብ አለው፤ ሁሉም ተረት ነጋሪ መላሹን ይዞ ይመጣል። ከአፋሮች የተወሰደ ነው። እነሱ ዘንድ አንዱ ሲናገር ሌላው ፊት ለፊቱ ተቀምጦ በየቃሉ ካልመለሰለት ነገሩ አይሄድም። መላሽ የሌለው ሰው ብቻውን እንደሚለፈልፍ ይቆጠራል።

"መላሼ አንቺ ነሽ" አለች። አልጠየቀችኝም። መቼ ጠይቃ ታውቃለች?

እናቴ ስትሞት ሰባት ዓመቴ ነበር። አባቴ ከባቲ ጨርቅ ሲያመላልስ እኔ ከግድግዳው ማዶ እትዬ ቤት ነበር የማድረው። ክርስቲያን ናት፤ ለኔ ግን ለብቻው ድስት ነበራት። ሥጋውን ከእስላም ሉካንዳ አስገዝታ በዚያ ድስት ትሠራልኛለች። ሌላ ነገር አልገባበትም፣ ውሃ እንኳ። ዛሬ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፤ አሁንም "እጅሽን ታጠቢ" ትለኛለች።

እሺ አልኳት። ደስ ብሎኛል መሰለኝ።

ሚያዝያ 28፣ ረቡዕ

ልምምድ፣ እትዬ ምግብ ቤት። ሦስት ጠረጴዛ፣ ስምንት ሹፌር። እኔ "እሺ" እላለሁ፣ እሷ "እሺ ማለት አታውቂበትም" ትለኛለች። እሺን ሰው እንዴት ያበላሸዋል? አበላሸሁት። ሹፌሮቹ ሽሮው እስኪያንቃቸው ሳቁ።

ሚያዝያ 30፣ አርብ

ወይ ዛሬ! ከየት ልጀምር…

ግቢው ጢም ብሎ ነበር። ምንጣፍ ያለው ምንጣፉን፣ ዱካ ያለው ዱካውን ይዞ። የወደቡ ሰዎች ከነቱታቸው። ልጆቹ ግንቡ ላይ እንደ ወፍ ተደርድረው፣ ልጄ ሒክማም እዚያው። አንድ አምፖል ነው ያለው፤ ጀነሬተሩ በሳለ ቁጥር ይጠፋል፣ በጠፋ ቁጥር ሰው ያፏጫል።

መጀመሪያ የወጣችው ዓፋፍ ናት። አፋሯ ዓሣ ሻጭ። ሚዛኗን በአውራ ጣቷ ትረዳዋለች እያልኩ ስንቴ አምቻታለሁ… የኔ አፋርኛ የገበያ አፋርኛ ነውና ግማሹ አልገባኝም፤ ግን ባሏ ፊቷ ቁጢጥ ብሎ ሲመልስላት፣ እሷ ድምፅዋን ስታነሳና ስትጥል፣ የገባኝ ያህል ሳቅሁ።

ከዚያ እትዬ። የሠርግ ቀሚሷን ለብሳ! (የሰው ሠርግ የምትሄድበትን ማለቴ ነው።) እኔ ፊቷ ወንበሬ ላይ ነኝ።

"ተረት ተረት!"

"የላም በረት!" አልኩ። እንዴት እንደጮኽኩ!

ተረቱ የጅብ ነው። ደገኛ ጅብ። ብርዱ ሰልችቶት አሰብ ይወርድና ጥምጣም ጠምጥሞ ዓሣ አጥማጅ ነኝ ብሎ ይቀጠራል። ሥራው ጥሩ፣ ጠባዩ ጥሩ። አሠሪው ልጁን ሊድርለት ሁሉ ያስባል። አንድ ማታ ጀልባ ላይ ሳሉ ከተራራው ወገኖቹ ይጣራሉ። ጅቡ አፉን በጥምጣሙ ያፍናል። ደግመው ይጣራሉ። አፉን በዓሣ ይሞላል። ለሦስተኛ ጊዜ ሲጣሩ… እትዬ ቆመች።

"ከዚያስ?" አልኩ። ዝም።

"ከዚያስ፣ እትዬ?" ዝም።

ግቢው ሁሉ በየቋንቋው "ከዚያስ!" አለ። ከዚያማ እንደ ጅብ ጮኸችዋ! ስድሳ ዓመቷ ነው እኮ! ያን ጩኸት ከየት እንዳመጣችው እንጃ። የአሰብ ሰጊር ሰፈር ውሻ በሙሉ ተነሣ። አንድ ጉምሩክ የሚሠራ ሰው ከዱካው ወደቀ። ጅቡ ባሕር ውስጥ ዘሎ ገባ፣ ተረቱም አለቀ፣ እኔም ከሳቄ ብዛት አለቀስኩ።

ስንመለስ ክንዴን ይዛ "ያላንቺ አይሆንም ነበር" አለችኝ። እሷ! ሰው አመስግና የማታውቀው ሴት።

ግንቦት 1፣ ቅዳሜ

ገበያ ሄድኩ። ሽንኩርት ሻጩ "ከዚያስ?" አለኝ። ፉርኖ ቤት "ከዚያስ?" አሉኝ። ስም ወጣልኝ ማለት ነው። ዓብዱልጀሊል፣ ሱቁ ድረስ መጥተው "የከዚያስ ባል አንተ ነህ ወይ?" እንዳሉት እየተነጫነጨ ነገረኝ፤ ግን ደስ ብሎታል፣ ባሌን አውቀዋለሁ።

የሚቀጥለው አርብ መቼ ይደርስ ይሆን?

ግንቦት 5፣ ረቡዕ

ራዲዮ። ቀኑን ሙሉ ራዲዮ።

እዚህ ያለውና የኢትዮጵያው መንግሥት ተጣልተዋል። ባድመ በሚባል ቦታ ሰው ሞቷል። የት እንደሆነ የሚያውቅ ቢሮ ውስጥ አልተገኘም፤ ካርታ ላይ ፈልገን አጣነው። ቢሆንም ከሰዓት በኋላ ሁሉም ስለ ባድመ አዋቂ ሆነ።

ዓብዱልጀሊል ሱቁ ውስጥ ጆሮውን ራዲዮኑ ላይ ለጥፎ አገኘሁት። "ትንሽ ነገር ነው፣ ይበርዳል" አለ። ይህን እያለ ድምፁን ለምን ቀነሰ? በሩንስ ለምን ዘጋ?

እኔ እዚሁ ተወልጄ እዚሁ ያደግሁ ነኝ። በሪፈረንደሙ ጊዜ የዚህን አገር መታወቂያ ወስጃለሁ፤ ያለሱ ሥራው አይኖርም ነበር። አባቴ ከባቲ፣ መቃብሩ እዚህ። ታዲያ ምንድን ነኝ? እስከ ትናንት ጥያቄውም አልነበረም።

ግንቦት 6፣ ሐሙስ

መኪኖቹ አልመጡም። ሁልጊዜ ጠዋት መንገዱን የሚዘጉት የአዲስ አበባ ተሳቢዎች… አንድም የለ። ወደቡ ጸጥ። እትዬ ምግብ ቤት ሦስቱም ጠረጴዛ ባዶ።

ዓምሩ ጠራኝ። "ነገ ማታ ትሄጃለሽ?"

"አዎ።"

ብዕሩን ከፍቶ ዘጋ። "እንግዲህ… ፊት ለፊት ባትቀመጪ ይሻላል። ጊዜው ጥሩ አይደለም። ለራስሽ ብዬ ነው።"

ክፉ ቃል አልወጣውም። እንዲያውም በደግነት ነው የተናገረው። "እሺ አቶ ዓምሩ" ብዬ ወጣሁ።

ለዓብዱልጀሊል ነገርኩት። "ትክክል ነው፣ ልጅ አለሽ" አለ።

ማታ እትዬ መጣች። ራዲዮውን ሰምታለች፣ ግን እሷን ያስጨነቃት ተረቱ ነው። "ነገ ቀደም ብለሽ ነይ፣ አዲስ ነው የምነግረው፣ መልሱ ከበድ ይላል" አለችኝ።

"እሺ" አልኳት።

ለሱም እሺ፣ ለሷም እሺ። ነገ ጠዋት እነግራታለሁ። ቢሮ ከመግባቴ በፊት…

ግንቦት 7፣ አርብ

ዛሬ አልጽፍም።

ግንቦት 8፣ ቅዳሜ

ልጻፈው። ካልጻፍኩት ውሎ አድሮ እንዳልነበረ አደርገዋለሁ፤ ራሴን አውቃለሁ።

ጠዋት አልነገርኳትም። በሯ ላይ አለፍኩ፤ መጥረጊያ ይዛ ነበር፣ እጄን አውለብልቤ አለፍኩ። ማታ ዘግይተን ሄድን፤ እኔ፣ ዓብዱልጀሊልና ሒክማ። የመጨረሻው ረድፍ፣ ከግድግዳው ጥግ፣ አምፖሉ የማይደርስበት። ሰው ካለፈው አርብ ያንሳል እንጂ ብዙ ነበር። የትግርኛው ሽማግሌ ነገረ፣ ተሳቀ። ዓፋፍ ነገረች፣ ተሳቀ። ዓፋፍ ስትሳሳት እንኳ ተሳቀ።

እትዬ ወጣች። ያንኑ ቀሚስ ለብሳ። ፊቷ ያለውን ወንበር አየች። ባዶ ነው። የዘገየሁ መስሏት ትንሽ ጠበቀች።

"ተረት ተረት" አለች።

ዝም።

አንገቷን ሰግጋ ፈለገችኝ። "ተረት ተረት!"

እዚያ ግቢ ውስጥ አማርኛ የማያውቅ ሰው ስንት ነው? እኔ ነኝ ወይ ብቻዬን የማውቀው? ሽንኩርት ሻጩ ያውቃል፣ ፉርኖ ቤቶቹ ያውቃሉ። ሁሉም እግሩን ያያል። ግን እነሱን ማን ለምኗቸው? መላሿ እኔ ነኝ።

አየችኝ። አምፖሉ ባይደርስም አየችኝ፤ ዓይኗ እኔ ላይ ቆመ። ለሦስተኛ ጊዜ ስትጣራ እኔን እያየች ነው፣ ቀስ ብላ፣ "ተረት ተረት…"

ሒክማ ብድግ አለች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ምን ታውቃለች። "የላም…" ብላ ስትጀምር…

አፏን ያዝኳት። በመዳፌ። የልጄን አፍ።

በጣቶቼ መሐል ትንፋሿ ይሰማኛል። እትዬ ይህንንም አየች።

ከዚያ ዓፋፍ ተነሣች። ነጠላዋን ሰብስባ ሄዳ ያ ወንበር ላይ ተቀመጠች። የኔ ወንበር ላይ። የአማርኛውን መልስ አታውቀውም። "እሺ። ተናገሪ፣ እኔ አለሁ" አለቻት በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ። እትዬ ነገረች። አጭር ተረት፤ ያ አዲሱ አልነበረም፣ ልጅ ሆኜ የሰለቸኝ ነው። ዓፋፍ ያለቦታው "እሺ" ትላለች፣ ሰዉ ይስቃል፣ እትዬም አንድ ቦታ ሳቀች። ሲያልቅ አጨበጨቡላት። ማንም አላፏጨም፣ ማንም ክፉ አልተናገረም። ዓምሩ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነበር፤ እሱም አጨበጨበ!

እና ምን ነበር የፈራሁት? ባለፈው ተረት ጅቡ እንኳ ለወገኖቹ መልሷል እኮ…

በመንገድ ላይ ዓብዱልጀሊል "ደግ አደረግሽ" አለኝ። ስድብ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ሒክማ ከሁለታችን ቀድማ ነው የሄደችው፣ እጇን ልይዛት ብል ወደ ኪሷ ከተተችው።

አፍሬያለሁ። ሌላ ቃል የለኝም። አፍሬያለሁ።

ግንቦት 10፣ ሰኞ

ዓምሩ ሻይ እየጠጣ፣ "አርብ ለት ምነው ዝም አልሽ? ሴትዮዋ አሳዘነችኝ" አለኝ።

አንተ አይደለህ ወይ…? እሱ ግን ፊት ለፊት አትቀመጪ ነው ያለኝ። አትመልሺ አላለኝም። ዝምታውን የጨመርኩበት እኔ ነኝ። አለቃዬ በሩን ገርበብ አደረገ፣ እኔ ቆለፍኩት።

የምተይበው የለም። መርከብ የለም። ቁጭ ብዬ ቬንትሌተሩን አየሁ።

ግንቦት 12፣ ረቡዕ

ሒክማ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እትዬ ቤት ገብታ ነበር። ራት ላይ፣ "እማዬ፣ ያን ለት ጉሮሮሽን አሞሽ ነበር?" አለችኝ።

"ማን አለ?"

"እትዬ ናት። እናትሽ ጉሮሮዋን አሟት ነው፣ አንቺም እንዳትቆጪያት አለችኝ።"

ዓብዱልጀሊል ሳህኑን ያያል። እኔ ደግሞ… "አዎ" አልኩ። "አሞኝ ነበር።"

ሰበብ ሠራችልኝ፣ እኔም ለበስኩት! ልክክ አለልኝ።

ግንቦት 15፣ ቅዳሜ

ሄድኩ። ሁለት ጊዜ ከመንገድ ተመልሼ በሦስተኛው ገባሁ። ይቅር በይኝ ልላት። ከቤት ጀምሮ ቃሉን ሳጠናው ነበር።

"ግቢ ግቢ" አለች። ወንበሩን በነጠላዋ ጠረገችልኝ። እኔን! በዚያ ቤት መሬት ላይ ተንጋልዬ ያደግሁትን። ሻዩን በብርጭቆ ሳይሆን ከቁም ሣጥን ባወጣችው ስኒ አቀረበችልኝ፣ ስኳሩን ለብቻው። እጅሽን ታጠቢ አላለችኝም።

ስለ ሙቀቱ አወራን። ስለ ውሃ። ቦቴው ሰፈራችን ሳይመጣ አራት ቀን ሆነው አልኩ፣ አዎ ሆነው አለች። ምግብ ቤቱን ዘግታዋለች፤ ለማን ትሥራ? ሹፌሮቹ የሉ።

"እትዬ፣ ያን ለት…" አልኩ።

"ሻይሽ በረደ" አለች።

ጠጣሁት። ተነሣሁ። በሩ ድረስ ሸኘችኝ፣ እንግዳ እንደሚሸኝ፣ አንድ እርምጃ ከኋላዬ። ስኒዋን እንኳ አላጠብኩም።

እንድናገር አልፈለገችም ወይስ እኔ ተመችቶኝ ዝም አልኩ? ቢያንስ ለራሴ እውነቱን ልንገር፤ ሻይሽ በረደ ስትለኝ ተገላገልኩ ነው ያልኩት።

ግንቦት 17፣ ሰኞ

እትዬ ልትሄድ ነው። የነገረችኝ ዓፋፍ ናት፣ ዓሣ ልገዛ ሄጄ። ወደቡ ሥራ ስለቆመ ብዙ ኢትዮጵያውያን እየሄዱ ነው፤ መንገዱ ተዘግቷል፣ የሚሄዱት በሳምቡክ ጀልባ፣ በጅቡቲ በኩል ነው። እትዬም ቅዳሜ።

"አልነገረችሽም?" አለች ዓፋፍ።

"ነግራኛለች" አልኩ። ውሸቱ እንዲህ ቀለለኝ ማለት ነው! ዓፋፍ አየችኝና ዓሣውን መዘነች። ሚዛኑን በአውራ ጣቷ አልነካችውም። ምናልባት ድሮም ነክታው አታውቅ ይሆናል።

ቤት ገብቼ ሒክማን በረንዳ ላይ አስቀመጥኳት። "ጉሮሮዬን አላመመኝም ነበር" አልኳት። "ፈርቼ ነው። አፍሽን የያዝኩትም ፈርቼ ነው።"

"ማንን?"

ማንን? አሰብኩ አሰብኩ… "እንጃ" አልኳት። እውነቴን ነው።

"እኔ አልፈራሁም ነበር" አለች። ሄዳ መጽሐፏን ከፈተች።

ግንቦት 22፣ ቅዳሜ

ሄደች።

ጠዋት ልብሴን ስለብስ ዓብዱልጀሊል በሩ ላይ ቆመ። "ባትሄጂ…" አለ። ጫማዬን ሳጠልቅ ሲያየኝ፣ "ከሄድሽም ወደ ኋላ ቆመሽ ተሰናበቻት" አለ።

"ወደ ኋላ መቆሙንማ አውቅበታለሁ" አልኩት። ከበሩ ዞር አለልኝ። ምስኪን፤ እሱም እኮ ፈርቶ ነው።

እትዬ ቤት ስደርስ ዓፋፍ ቀድማኛለች። አንድ የእንጨት ሣጥን፣ አንድ ፌስታል። በቃ። ሠላሳ ስንት ዓመት አሰብ ኖራ… ሣጥኑን ባንድ ወገን ዓፋፍ ያዘች፣ በሌላው እኔ ያዝኩ። እትዬ አትያዢው አላለችም፣ ያዢውም አላለችም። ጥላዋን ዘርግታ ፊት ፊት ሄደች።

በኋለኛው መንገድ መሄድ ይቻል ነበር። እኔ ነኝ በትልቁ መንገድ እንሂድ ያልኩት፣ በገበያው፣ በቢሮዬ ፊት። ሽንኩርት ሻጩ አየን፣ ቀና አላለም። ከቢሮው መስኮት ዓምሩ አየን፤ እጁን ሊያነሳ ሲል መልሶ አወረደው። ሣጥኑ እጄን ቆረጠኝ፣ ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገባ፣ ግን አልቆምኩም። ለማን ብዬ ነው ይህን የማደርገው እያልኩ ነበር። ለሷ ነው ወይስ ለራሴ? ይህን ሁሉ መንገድ እትዬ አንድም ጊዜ ዞራ አላየችኝም።

የዓሣ አጥማጆቹ ጀልባ መውረጃ ላይ ገመድ ተወጥሯል። ከገመዱ ወዲያ የሚሄዱት ብቻ ናቸው የሚያልፉት። እትዬ አለፈች፣ ሁለት ሰዎች ክንዷን ይዘው ሳምቡኩ ላይ አወጧት። ሣጥኑን አቀብለን ስንጨርስ ገመዱን ተሻግሬ ነበር መሰለኝ። ጠባቂው ወጣት ነው፣ መሣሪያውን አንግቷል። ወደኔ መጣ።

"ምኗ ነሽ?" አለኝ በትግርኛ።

በትግርኛ መመለስ እችል ነበር። በአማርኛ፣ ጮክ ብዬ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ፣ "ልጇ ነኝ!" አልኩ።

ሳምቡኩ ላይ ያሉት ዞሩ። ገመዱ ማዶ የቆሙትም ዞሩ። ጠባቂው ከላይ እስከ ታች አየኝ። "ልጇ ከሆንሽ አንቺም ከሚሄዱት ነሽ ማለት ነው?"

ይህን አላሰብኩትም። ሒክማ ቤት ናት። ዓብዱልጀሊል…

"ልጄ አይደለችም" አለች እትዬ ከላይ። ድምፅዋ ረጋ ያለ ነው፣ የሹፌር ትዕዛዝ እንደምትቀበልበት። "ጎረቤት ናት። የዚሁ አገር ሰው ናት። እኔ ልጅ የለኝም።"

ጠባቂው በእጁ ወደ ገመዱ አመለከተኝ። ተመለስኩ።

ሞተሩ ተነሣ። ነጭ ነጠላዋ ይታየኛል፣ ፊቷ ግን ወደ ባሕሩ ነው። እንድትዞር ጠበቅሁ። ሳምቡኩ ከመርከብ ማቆሚያው ጀርባ እስኪሰወር ድረስ ጠበቅሁ።

ልታተርፈኝ ነው እንዲያ ያለችው? ወይስ የልቧን ነው? ሁለቱም ይሆን? ሳስበው ሁለቱም ይገባኛል፣ የቱ እንደሆነ ግን… ዓፋፍን ጠየቅኋት። እጇን ልብሷ ላይ ጠረገች።

"እኔ ምን አውቃለሁ" አለችኝ። "የፈለገችውን ትበል። እሷ ባሕር ላይ ናት፣ አንቺ ቤትሽ ትገቢያለሽ።"

ገባሁ።